የጥንት አሜሪካ ሰፋሪዎችን ዘር መቁጠር፦ የትኛውን መዝገብ እንምረጥ?

ባለቤታችሁ የቆየ አሜሪካዊ ዘር አላት እንበል። ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራላችሁና በየቀኑ የምታልፉት የጡብ ቤት ጥንት የማን እንደነበረ ማወቅ አማራችሁ። ወይም ልጃችሁ የዘር ሐረግ ሥሩ የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። በአባቱ በኩል አያት ቅድመ አያት እየጠራችሁ ሰባት ቤት ቆጠራችሁለት። በእናቱ በኩል ግን «ከማሳቹሴትስ ነን ይባላል» ከሚል ወሬ በቀር የተያዘ ነገር የለም።

ስልክ ከፍታችሁ ስሙን ትጽፋላችሁ። ብዙም ሳይቆይ እስከ 1600ዎቹ የሚወርድ የዘር ዛፍ ተዘርግቶ ይመጣል። አንዳንዱ እንግሊዝ ንጉሥ ቤት ድረስ ይገባል። ለጊዜው ዝጉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ፍለጋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ጭራሽ ያልተጻፈ መዝገብ ሲፈልግ ነው። የ1700 ቨርጂኒያዊ የልደት ምስክር ወረቀት ሲያስስ ይከርማል። ኮነቲከት ውስጥ የመሬት ውል ከካውንቲ ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል፤ ውሉ ያለው ግን ታውኑ፣ ማለት የአካባቢው ትንሽ ከተማ አስተዳደር ዘንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ሰውየው የት እንደሰፈረ ነው። የመዝገቡ ዓይነት ከዚያ ይመጣል፣ ገንዘቡ ከሁሉም በኋላ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒው ኢንግላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

ጄምስታውን በ1607 ስትቆረቆር የሰፈሩት 104 ወንዶችና ወንድ ልጆች ነበሩ። ሴት አልነበረችም። የላካቸው የንግድ ኩባንያ ነው። ከ1609 እስከ 1610 የነበረው የረሃብ ክረምት አብዛኛውን ሰው ጨረሰ፤ ጸደይ ሲገባ በሕይወት የተገኙት 60 ያህል ብቻ ነበሩ። ፕሊመዝ በ1620 ተከተለች። ሜይፍላወር 102 መንገደኞች ይዛ መጣች፤ ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን ክረምት አልተሻገሩም። ልዩነቱ ግን እነዚህ ቤተሰብ ይዘው መምጣታቸው ነው። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አሽከር። ዘር ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከ1620 እስከ 1640 ባለው ጊዜ 20,000 ያህል ሰው ወደ ኒው ኢንግላንድ ፈለሰ። አብዛኛው በቤተሰብ መጣና ታውን እየመሠረተ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሰፈረ። ማሳቹሴትስ በ1639 ልደት፣ ጋብቻና ሞት በየታውኑ እንዲመዘገብ አዘዘች። ሁሉም ታውን እኩል አልጻፈም፤ የጻፈው ግን ብዙ ነው። የብዙዎቹ ታውኖች መዝገብ እስከ 1850 ያለው ተሰብስቦ ታትሟል፣ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ኮነቲከትም ባርበር ስብስብ የሚባል ተመሳሳይ ሥራ አላት። ስለዚህ ፍለጋችሁ ኒው ኢንግላንድ ከሆነ የታውኑ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ጥሩ መነሻ ነው።

ፕሊመዝ ላይ አንድ ደስ የሚል ወረቀት አለ። በ1627 ሰፋሪዎቹ የጋራ ላሞቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ተከፋፈሉ። ሰውን በ12 ቡድን መደቡት፣ እያንዳንዱ ቡድን 13 ሰው ነበረው። ድርሻ ለማግኘት የሁሉም ስም መጻፍ ነበረበት፤ የሕፃናቱም ጭምር። ከብት ለማካፈል ተብሎ የተጻፈው ዝርዝር ዛሬ የ156 ሰዎች ቆጠራ ሆኖ ያገለግላል። ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ የትኛው ልጅ እስከዚያ ድረስ እንደተወለደ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ቨርጂኒያ ሌላ ዓለም ናት። ሰዉ ትምባሆ እያመረተ በየወንዙ ዳር ተበተነ። ጥምቀት መመዝገብ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ሥራ ነበር፤ አብዛኛው መዝገብ ግን ጠፍቷል። ሚድልሴክስ ካውንቲ ውስጥ እንዳለው ክራይስት ቸርች ከ1653 ጀምሮ የተረፈለት አጥቢያ ዕድለኛ ነው። ግዛቲቱ ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው። በ1896 አቋርጣ በ1912 እንደገና ጀመረች። ስለዚህ ከ1853 በፊት ለተወለደ ቨርጂኒያዊ የልደት ምስክር ወረቀት ፍለጋ አትድከሙ።

በምትኩ መሬት አለ። ከ1618 ጀምሮ ሄድራይት የሚባል አሠራር ነበር። ለአንድ ሰው የመርከብ ክፍያ የከፈለ በዚያ ሰው ስም 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። አምስት አሽከር ያመጣ 250 ኤከር ያገኛል፤ የአምስቱም ስም በመሬት ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ስማቸው ሌላ ቦታ ፈጽሞ ያልተጻፈ ብዙ ተራ ሰዎች የተረፉት በዚህ ነው።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መሬቱ የተሰጠበት ዓመት ሰውየው የገባበት ዓመት አይደለም። መብቱ ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር፤ ሰው ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙ ብቅ ሊል ይችላል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተቆጠረበትም አለ። «አያቴ በ1655 መጣ» የሚል ዛፍ ስታዩ ብዙውን ጊዜ ከበስተጀርባው እንዲህ ያለ ደብተር ነው ያለው።

ሌላው የቨርጂኒያ ጣጣ የካውንቲ መከፋፈል ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ በ1742 ከፕሪንስ ዊልያም ተቆረሰ። ፕሪንስ ዊልያም በ1731 ከስታፎርድ፣ ስታፎርድ በ1664 ከዌስትሞርላንድ፣ ዌስትሞርላንድ ደግሞ በ1653 ከኖርዘምበርላንድ ወጡ። አንድ ቤተሰብ ከእርሻው ሳይነቃነቅ ወረቀቱ በአራት አምስት ካውንቲ ሊበተን ይችላል። ዛሬ ባለው ካርታ የሚፈልግ ሰው «እዚህ አልኖሩም» ብሎ ይመለሳል። ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት ካውንቲው መቼ እንደተመሠረተና ከየት እንደወጣ እዩ።

እሳቱም አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከሪችመንድ በታች ያሉ በርካታ ካውንቲዎች መዝገባቸው እንዲጠበቅላቸው ወደ ሪችመንድ ላኩ። በሚያዝያ 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል አብሮ ተቃጠለ። በተቃራኒው በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ኖርዝሃምፕተን ከ1632 ጀምሮ ያልተቋረጠ የፍርድ ቤት መዝገብ አለው፤ በአገሪቱ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ተከታታይ የካውንቲ መዝገብ የለም። ቅድመ አያታችሁ ኖርዝሃምፕተን ከሰፈረ ዕድለኞች ናችሁ። ጄምስ ሲቲ ካውንቲ ከሰፈረ ግን ትዕግሥት ይስጣችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላሉ አንባቢዎች ሜሪላንድን ልጨምር። ሰፈራው በ1634 በሴንት ሜሪስ ሲቲ ተጀመረ። ሜሪላንድ እስከ 1777 ድረስ የውርስ ጉዳይን በአንድ ማዕከላዊ ፍርድ ቤት ትመራ ነበር። ኑዛዜው ከየካውንቲው እየተገለበጠ ወደ ማዕከል ይገባ ነበር። በኋላ የካውንቲው ቤት ቢቃጠልም ቅጂው አናፖሊስ፣ የግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ። በዚህ በኩል ከቨርጂኒያ እመርጣታለሁ።

ደቾችና ኩዌከሮች

ኒው ዮርክ እስከ 1664 የደቾች (የሆላንዶች) ነበረች። የደቾች ዘር ቆጠራ ለእኛ ሰው ከእንግሊዞቹ ይልቅ ይቀላል ባይ ነኝ። የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአባት ስም ነበር የሚጠሩት። ያን ፒተርሰን የፒተር ልጅ ያን ነው፤ የእሱ ልጅ ፒተር ያንሰን ይባላል። ሴቷ ካገባችም በኋላ በራሷ ስም ትጻፋለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ አበበ ከበደ ከሚባል አባት ከበደ አበበ የሚባል ልጅ ሲወለድ ላየ ሰው ግን ምኑም አያስደንቅ። ችግሩ እንግሊዞች ከገቡ በኋላ ቀስ በቀስ ሁሉም ቋሚ የቤተሰብ ስም መያዙ ነው። አንዱ ወንድም የአባቱን ስም፣ ሌላው የመጣበትን መንደር ሊይዝ ይችላል። ልጆቻቸው ሲታዩ ባዕድ ይመስላሉ።

እዚህ የሚመረጠው መዝገብ የቤተ ክርስቲያን ነው። የኒው አምስተርዳም የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ከ1639 ጀምሮ አለ። ጥምቀቱ ላይ የአባት ስም፣ ብዙ ጊዜ የእናት ስምና የምስክሮች ስም ይጻፋል። ምስክሮቹ እንደ ክርስትና አባትና እናት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም አያት፣ አክስት ወይም አጎት ይሆናሉ። ምስክሮቹን ሳያዩ የሕፃኑን ስም ብቻ ገልብጦ መሄድ ዋናውን ነገር ጥሎ መሄድ ነው።

ዊልያም ፔን በ1682 ወደ ደረሰባት ፔንስልቬንያ ከሄዳችሁ ኩዌከሮች የሚባሉትን ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ታገኛላችሁ። የወርሃዊ ጉባኤያቸው ቃለ ጉባኤ ልደቱንም፣ ጋብቻውንም፣ ከአባልነት የተባረረውንም ይዟል። አንድ ቤተሰብ ቦታ ሲቀይር የመሸኛ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ደብዳቤው ከየት ወደየት እንደሄዱ ይነግራችኋል። ሰርግ ላይ የተገኘው ሰው በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ኩዌከር ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ቦታ ከመሄዱ በፊት እዚህ ይጀምር። ጀርመኖቹን በተመለከተ ደግሞ ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የደረሱ አዋቂ ወንዶች የፈረሙበት የታማኝነት መሐላ ዝርዝር አለ።

ሴንት ኦገስቲን፣ ፍሎሪዳ ከሁሉም ትቀድማለች። ስፔኖች በ1565 ቆረቆሯት፤ የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቧ ከ1594 ይጀምራል። የጥቁሮችም ጥምቀትና ጋብቻ በውስጡ አለ። ስፓኒሽ የሚያነብ ሰው ግን ያስፈልጋችኋል።

የቀን ነገር

እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 የድሮውን የዩልያኖስ አቆጣጠር ይከተሉ ነበር። አዲስ ዓመታቸው መጋቢት ላይ፣ ማርች 25 ነበር የሚገባው። ስለዚህ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና አብዛኛው ማርች በሁለት ዓመት ይጻፋሉ። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲወለድ የተጻፈለት ቀን ፌብሩዋሪ 11፣ 1731/32 ነው። በ1752 ከሴፕቴምበር ላይ 11 ቀን ሲዘለል ልደቱ ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 ሆነ። ኩዌከሮች ደግሞ ወርን በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ከ1752 በፊት «አንደኛ ወር» ማለት ማርች ነው። ልደት በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያምታታው ለኖረ ሰው ይህ አይከብድም። ባለማወቅ ግን እናት ከመውለዷ በፊት የሞተችበት ዛፍ ይሠራል።

የልደት መዝገብ፣ ኑዛዜ፣ የመሬት ውል ወይስ ቆጠራ?

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የውርስ ፋይል እላለሁ። ኑዛዜ፣ የንብረት ዝርዝር፣ የክፍፍል ሰነድ። የልደት መዝገብ አንድ ሕፃንን ከሁለት ወላጅ ጋር ያገናኛል፤ ያ ሕፃን አድጎ የትኛው ሰው እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። አንድ ታውን ውስጥ ሦስት ጆን ስሚዝ ሊወለዱ ይችላሉ። ኑዛዜ ግን ያደጉትን ልጆች በስም ይጠራል፣ ያገባችውን ሴት ልጅ በባሏ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጅም ይጨምራል። ሁለትና ሦስት ትውልድ በአንድ ወረቀት ላይ ታገኛላችሁ።

ኑዛዜ ሲነበብ ግን የአገሩን ሕግ ማወቅ ያሻል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሜሪካ አብዮት በኋላ ሕጉ እስኪሻር ድረስ ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ በሙሉ ለበኩር ልጅ ይሄድ ነበር። ስለዚህ አባትየው ኑዛዜው ላይ የበኩሩን ስም ላይጠራው ይችላል። መሬቱ በሕግ የእሱ ነውና ምን አስጠራው? አንባቢው ግን «ይህ ልጅ ሞቷል» ወይም «አባቱ ክዶታል» ብሎ ይደመድማል። ማሳቹሴትስ ሌላ ነው። ያለ ኑዛዜ ሲሞት ሁሉም ልጅ ይካፈላል፤ በኩሩ እጥፍ ድርሻ ይወስዳል። የክፍፍሉ ወረቀት ላይ ሁለት ድርሻ ያገኘውን ካያችሁ በኩሩን አገኛችሁት።

ቃላቱም ያሳስታሉ። በዚያ ዘመን «ትንሹ» እና «ትልቁ» እየተባሉ የሚጻፉ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች የግድ አባትና ልጅ አይደሉም። አጎትና የወንድም ልጅ፣ አንዳንዴም ምንም የማይዛመዱ ሁለት ጎረቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ሲሞት ትንሹ «ትልቁ» ይሆናል።

የመሬት ውል ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። መዝገብ በጠፋበት አገር ደግሞ አንደኛ። ሻጩ ሚስት ካለችው እሷም መብቷን መልቀቋን መፈረም ነበረባት፤ የብዙ ሴቶች ስም የተረፈው በዚህ ፊርማ ነው። ወራሾች መሬት ሲሸጡ «ከሟች አባታችን የደረሰን» ብለው ይጽፋሉ፤ ከኑዛዜ የማይተናነስ ማስረጃ ነው። ያስታውሱ፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ የመሬት ውል የሚቀመጠው በካውንቲ ነው፤ ኮነቲከት፣ ሮድ አይላንድና ቨርሞንት ግን በታውን።

ቨርጂኒያ ላይ አንድ ችላ የሚባል ሀብት አለ፦ በቻንስሪ ፍርድ ቤት የታዩ የውርስ ክርክሮች። ወንድማማች በአባት መሬት ሲካሰሱ ዘራቸውን በሙሉ ለዳኛ ማስረዳት ነበረባቸው። የት እንደሄዱ ያልታወቁ እህቶች፣ ኬንታኪ የተሻገሩ አጎቶች ሁሉ ይጠራሉ። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የእነዚህን ክሶች ማውጫ በነፃ ያቀርባል። የተጣላ ቤተሰብ ለዘር ቆጣሪ ሲሳይ ነው።

ቆጠራን በተመለከተ ባጭሩ፦ የፌዴራል ቆጠራ በ1790 ጀመረ። እስከ 1840 ስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፤ ሌላው ቁጥር ነው። በ1850 የነፃ ሰው ሁሉ ስም ተጻፈ። የ1890ው አብዛኛው በ1921 እሳት ጠፋ። ከ1850 ወዲህ ላለው ቤተሰብ ቆጠራ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ለ1600ዎቹ ምንም አይረዳም።

ቤተሰቡ ጥቁር ከሆነ

እዚህ መመሪያው ይለወጣል። በባርነት የነበሩ ሰዎች በ1850ና በ1860 ቆጠራ የተጻፉት ከጥቂቶች በቀር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ነው፤ ስም የተጻፈው የባለቤቱ ነው። ሁሉም በስማቸው የተጻፉት በ1870 ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚያ ላይ ይቆማል።

ከ1870 ወደ ኋላ ለመሻገር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የተቋቋሙት የፍሪድመንስ ቢሮና የፍሪድመንስ ቁጠባ ባንክ መዝገቦች ናቸው። የባንኩ መዝገብ ቆጣቢውን የትውልድ ቦታውን፣ ወላጆቹን፣ ወንድም እህቶቹን ይጠይቅ ነበር፤ የተሸጠ እህት ስም ጭምር ይገኝበታል። ከሁለቱ ይህን ቀድሜ አያለሁ። ሁለተኛው የባለቤቱን ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ማሰስ ነው። ሰዎቹ በከብትና በዕቃ መካከል ከነዋጋቸው ተጽፈዋል። ማንበቡ ያማል። ግን እናትና ልጅ አብረው የተጻፉበት ብቸኛው ወረቀት ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይወርስ ስለነበረ ፍለጋውም በእናት በኩል ነው የሚሄደው።

ከአብዮቱ በፊት ነፃ የነበሩ ጥቁር ቤተሰቦችም አሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ፖይንት ኮምፈርት ከደረሱ በኋላ በ1625ቱ የቨርጂኒያ የነዋሪዎች ዝርዝር ላይ አንዳንዶቹ በስም ይታያሉ። አንጄላ የምትባል ሴት የመጣችበት መርከብ ጭምር ተጽፎላታል። አንቶኒ ጆንሰን «አንቶኒዮ» ተብሎ እዚያው ዝርዝር ላይ አለ፤ በ1651 ኖርዝሃምፕተን ውስጥ 250 ኤከር በሄድራይት ተቀብሏል። ከ1793 በኋላ ደግሞ ቨርጂኒያ ነፃ ጥቁሮች እንዲመዘገቡ ስለደነገገች የካውንቲ መዝገቦቹ መልክና ዕድሜ ሳይቀር ይዘዋል።

የኢንተርኔቱ ዛፍና የታተመው መጽሐፍ

አሁን የዘጋነውን ዛፍ እንክፈተው። ዛፉ ፍንጭ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። አንድ ሰው የገመተውን ሌላው ይገለብጣል፤ ከዚያ ብዙ ዛፍ ላይ ስላለ እውነት ይመስላል። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ በእያንዳንዱ ትውልድ መካከል ያለው ማያያዣ ሰነድ አለው ወይ? «ሌላ ዛፍ» የሚል ምንጭ ብቻ ከሆነ እዚያ ቁሙ።

«ሦስት ወንድማማቾች በመርከብ መጡ» የሚል ታሪክ ስትሰሙም ጆሯችሁን አቁሙ። በስም የሚመሳሰሉ ሦስት ቤተሰቦችን ለማዛመድ የተፈጠረ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው። ከሮአኖክ የጠፋችው የ1587 ሰፈራ ዘር ነን የሚሉም አሉ፤ ከዚያ ሰፈራ ዘሩ በማስረጃ የተረጋገጠ ሰው የለም። የፖካሆንታስ ዘር ነኝ የሚል ሰው ደግሞ የግድ በአንድ ልጇ፣ በ1615 በተወለደው ቶማስ ሮልፍ በኩል ማለፍ አለበት።

የታተመ መጽሐፍ ከዛፉ ይሻላል፤ ግን ሽፋኑ ቆዳ ስለሆነ አትመኑት። ጉስታቭ አንጁ የሚባል ሰው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለሀብታም አሜሪካውያን የዘር ታሪክ እየሸጠ ይኖር ነበር። እውነተኛውን ከፈጠራ እየቀላቀለ ደንበኛው የሚወደውን አያት ይሰጠዋል። ሥራዎቹ ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ፣ ወደ ኢንተርኔቱም ዛፍ ገብተዋል። በተቃራኒው በ1988 የተጀመረው የታላቁ ፍልሰት ጥናት ለጥንት ኒው ኢንግላንድ ሰፋሪዎች የምተማመንበት ነው። የእያንዳንዱን ሰው መረጃ ከየትኛው ሰነድ እንደተወሰደ እያሳየ ነው የሚሄደው።

ዲኤንኤ ልግዛ?

ለ1600ዎቹ ጥያቄ ከሆነ በመጀመሪያ አይደለም። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ስትሄዱ 1,024 የአያት ቦታ አለ። ከብዙዎቹ ምንም የደረሳችሁ ዲኤንኤ ላይኖር ይችላል። የተለመደው ምርመራ ለቅርብ ዘመድ፣ ለአምስት ስድስት ትውልድ ያህል ይሠራል። የ1870ን ግድግዳ ለመሻገር ለሚታገል ጥቁር ቤተሰብ ግን ከሰነዱ ጎን ለጎን ቶሎ ቢያስመረምር እመክራለሁ፤ ወረቀት ያጣውን ዘመድ የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሩቅ ለመሄድ የሚረዳው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው ዋይ ዲኤንኤ ነው። የታወቀው ምሳሌ የ1998ቱ የጀፈርሰን ጥናት ነው። የፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን አጎት የወንድ ዘሮች፣ ጀፈርሰን በባርነት ይይዛት ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ልጅ ከኤስተን የወንድ ዘር ጋር ተመሳሰሉ። ምርመራው ብቻውን የጀፈርሰን ቤት ወንድ መሆኑን እንጂ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሰውየው ተለይቶ የተቀመጠው ከሰነዱ ነው፦ እሷ በፀነሰችበት ጊዜ ሁሉ እሱ ርስቱ ሞንቲቼሎ ላይ ነበር።

ገንዘብ የት ይውጣ?

ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር መዝገብ ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ እዚያ ጀምሩ። አንዳንዱ ምስል ከቤት አይከፈትም፣ ወደ ማዕከላቸው ወይም ወደ ተባባሪ ላይብረሪ መሄድ ያስፈልጋል። በ2024 ያመጡት የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ነገሩን ቀይሮታል። በእጅ የተጻፈውን የአሜሪካ የመሬትና የውርስ መዝገብ ኮምፒውተር አንብቦት ስም ትፈልጉበታላችሁ። ማውጫ ላይ ያልገባ ምስክር፣ ጎረቤት፣ በባርነት የነበረ ሰው ሁሉ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ሲያነብ ስለሚሳሳት ስሙን በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ።

አንሴስትሪ የሚባለው የክፍያ ድረ ገጽ ለቆጠራና ለቅርብ ትውልድ ምቹ ነው። ወዲያው ግን አትክፈሉ፤ ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች ውስጥ የላይብረሪውን ቅጂ በነፃ መጠቀም ይቻላል። ኒው ኢንግላንድ ላይ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ገንዘቡን በ1845 ቦስተን ውስጥ የተመሠረተው የኒው ኢንግላንድ የዘር ሐረግ ማኅበር ላይ አውጡት፤ ድረ ገጹ አሜሪካን አንሴስተርስ ይባላል። ቨርጂኒያ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን መክፈሉ አይታየኝም። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የጥንቱን የመሬት ደብተር ምስል ራሱ በነፃ ያሳያል።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ሌላው የሚመኘው ነገር በእጃችሁ ነው። የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ነፃ ነው። ፌርፋክስ ሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ቨርጂኒያ ሩም የሚባል ክፍል አለ። አሌክሳንድሪያም የራሷ የአካባቢ ታሪክ ክፍል አላት። ያንን የጡብ ቤት ለምትፈልጉ ደግሞ፦ ከዛሬው ባለቤት ጀምራችሁ ሻጭና ገዢን እያያያዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አሌክሳንድሪያ በ1749 ስትመሠረት በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር ስለነበረች የመጀመሪያዎቹ ውሎች እዚያ ናቸው። ከ1801 እስከ 1847 ደግሞ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ አካል ነበረች፤ በዚያ መካከል ፍለጋው ሲያነክስ ምክንያቱ ይህ ነው።

ፍለጋው ወደ ማኅበር አባልነት ለመግባት ከሆነ ምርጫው ሌላ ስሌት አለው። የሜይፍላወር ዘሮች ማኅበር የመጀመሪያዎቹን አምስት ትውልዶች ራሱ አጥንቶ አሳትሟል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ትውልድ እስከ ራሳችሁ ድረስ በሰነድ ማያያዝ የእናንተ ሥራ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ሄዳችሁ አምስተኛው ትውልድ ላይ ያለውን ሰው እስክትነኩ ነው የምትደክሙት። የአብዮቱ ሴት ልጆች ማኅበር ሴቶችን ብቻ ይቀበላል፤ የምትፈልጉት ቅድመ አያትም ለነፃነቱ ትግል ያገለገለ ሰው ነው፤ 1600ዎቹ ድረስ መውረድ አይጠበቅባችሁም። የቀድሞ አባላት ያቀረቡት የዘር ሐረግ ማውጫ በድረ ገጻቸው በነፃ ይታያል። በሁለቱም በኩል ማመልከት ለምትችል ሴት ልጅ ይህኛው ቶሎ ያልቃል።